የደብረ ብርሃን ጓሮ ኩሬ፦ ብርዱን የሚችለው ማን ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጓሮዬ ውስጥ 5 ሜትር በ4 ሜትር ኩሬ አስቆፍሬ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) አስነጥፌበታለሁ። ጥልቀቱ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ዘመድ ከባቱ 30 የቆሮሶ ጫጩት አመጣልኝ። መስከረም ላይ ደህና ነበሩ። ኅዳር ሲገባ አንድ በአንድ ሞተው አለቁ፤ ገላቸው ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ነበር። ብርዱን የሚችል ዓሣ አለ? እንቁራሪትስ ከወንዝ ባመጣ? ለውበት ደግሞ እምቦጭ ልተክል አስቤያለሁ። ልጆቼ ዳክዬ ካልገባበት ብለው አስቸግረውኛል።»

መልስ፦

ከሞቱት ልጀምር። ዓሦቹን የጨረሳቸው በሽታ ሳይሆን ብርድ ነው። ያ ጥጥ የመሰለው ነገር የውሃ ሻጋታ ይባላል። የትኛውም ኩሬ ውስጥ አለ፣ ጤነኛ ዓሣን ግን አይደፍርም። የዓሣ ገላ የሚያንሸራትት ዝልግልግ ልባስ አለው። ብርዱ ሲጠና ልባሱ ይሳሳል፣ ሰውነቱም መከላከል ያቅተዋል። ያኔ ሻጋታው ከክንፉ ሥርና ከጭራው ጫፍ ጀምሮ ይበቅልበታል። መድኃኒት ገዝተው ቢሆን ኖሮ ገንዘብዎን ውሃ በላው ነበር።

ቆሮሶ የሙቅ ውሃ ዓሣ ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲያገኝ ይበላል፣ ያድጋል፣ ይራባል። ከ17 ዲግሪ በታች ምግብ ይተዋል። ወደ 11 እና 10 ሲወርድ ይሞታል። ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,840 ገደማ ላይ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል። ዘመድዎ ጫጩቶቹን ሽቅብ ሲያወጧቸው ሙቀቱን 7 ወይም 8 ዲግሪ ቁልቁል ወሰዱባቸው ማለት ነው።

መስከረም ላይ ደህና መሆናቸው አያታልልዎት። በክረምት ደመናው የቀኑን ሙቀት ሌሊት ይዞ ያቆየዋል። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ሙቀቱ ሌሊቱን ሙሉ ሽቅብ ይሸሻል፣ ውርጩም ይወርዳል። 80 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይህን የሚቋቋምበት አቅም የለውም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለሰው ነው፤ ቆሮሶን አጥንትም አያድነውም።

አሁን ወደሚቀጥለው። አንድም ነገር ከማስገባትዎ በፊት ቴርሞሜትር ይግዙ። ተራ የውሃ ቴርሞሜትር ይበቃል። ክር ያስሩለትና ኩሬው ወለል ድረስ ይልቀቁት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ፈጥነው ያውጡና ያንብቡ። ቀን 8 ሰዓት ላይም ይድገሙት። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሙሉ ይለኩ። ሰው ሁሉ «ብርዱን የሚችል ዓሣ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ንጋት ላይ የኩሬዎ ወለል ስንት ዲግሪ ነው?» ብዬ ነው።

ብርዱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ደጋ ላይ ሌላም ችግር አለ፤ አየሩ ሳስቷል። ደብረ ብርሃን ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ውሃ ኦክስጅን ከአየርም ስለሚያገኝ እዚያም ላይ ይቀንሳል። 15 ዲግሪ የሆነ ውሃ ባሕር ወለል ላይ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል። እርስዎ ጋ ሲመጣ 7 ቢይዝ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን በደንብ ይይዛል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ብርዱ የሰጠውን ከፍታው ይቀንሰዋል።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ቆላ ላይ 50 ዓሣ የሚችል ኩሬ እርስዎ ጋ 50 አይችልም። ክፉው ሰዓት ደግሞ ንጋት ነው። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ቀን ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት ግን እሱም ይተነፍሳል። ሊነጋጋ ሲል ዓሦቹ አፋቸውን ውሃው ላይ አውጥተው ቧ ቧ ሲያደርጉ ካዩ ተርበው አይደለም፤ ታፍነው ነው። ያን ቀን ምግብ አይስጡ። ውሃ በባልዲ ቀድተው ከከፍታ መልሰው ያፍስሱበት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ሳትወጣ ሁለት ሦስት ቀን ስትከርም በተለይ ይጠንቀቁ።

እንግዲህ መወሰን ያለብዎት ነገር አለ። ኩሬው የዓሣ ይሁን ወይስ የእንቁራሪት፣ የነፍሳትና የወፍ? 20 ካሬ ሜትር ላይ ሁለቱንም ማጣመር አይቻልም። ዓሣ የእንቁራሪቷን እንቁላል ይበላል፣ ጭራ ያላቸውን ልጆቿንም ይለቅማል። ብርድ የሚችሉት ዓሦች ደግሞ ጭቃ ቆፋሪ ናቸው። የተከሉትን ይነቅላሉ፣ ውሃውንም ያደፈርሳሉ። የኔን ምርጫ ከጠየቁኝ የእርስዎን ኩሬ ዓሣ አላስገባበትም። የዓሣውን ነገር ግን ሳልመልስልዎ አላልፍም፤ የጠየቁኝ እሱን ነው።

ለደጋ የቆመ ኩሬ የሚሆነው ካርፕ ነው። ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር ሁሉ ከበረዶው ሥር ሆኖ የሚከርም ዓሣ ነው። ውሃው ከ10 ዲግሪ ሲወርድ መብላቱን ያቆምና ወለሉ ላይ ዝም ይላል። ሲሞቅ ይቀጥላል። እንቁላል ለመጣል 18 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ሙቀት አዘውትሮ ስለማያገኝ እንደልቡ አይራባብዎትም። ለትንሽ ኩሬ ይሄ በረከት ነው። ቶሎ እንዲያድግ ግን አይጠብቁ። ባቱ ላይ በዓመት የሚደርስበትን እርስዎ ጋ በዓመት አይደርስበትም። ለማየት ብቻ ከሆነ ጎልድ ፊሽም የካርፕ ዘመድ ነው፣ ብርድም በደንብ ይችላል።

ካርፕ ካስገቡ ከ10 እስከ 15 ጫጩት ይበቃዎታል። ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ጫጩት እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ። የወረዳዎን የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤትም ያማክሩ። ከወንዝ ወይም ከግድብ በመረብ አጥምዶ «ላምጣልህ» የሚል ሰው አይመኑ። የሚያስገቡበት ወር መጋቢት ወይም ሚያዝያ ይሁን። ውሃው የሚሞቀው ያኔ ነው፤ ብርዱ እስኪመጣ የሚጠነክሩበት ጊዜ ያገኛሉ። ጫጩቶቹ የመጡበትን ፕላስቲክ ሳይፈቱ ኩሬው ላይ ግማሽ ሰዓት ያንሳፍፉት። ከዚያ የኩሬውን ውሃ ቀስ በቀስ ይጨምሩበትና ይልቀቋቸው። እንደመጡ ዘርግፎ መድፋት ብዙ ዓሣ ጨርሷል።

ምግባቸው የስንዴ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተቀላቅሎ ይሆናል። በሩብ ሰዓት ጨርሰው የማይበሉትን አይጨምሩ። የሚመገቡት ከሰዓት በኋላ፣ ውሃው ሲሞቅ ነው። አተላ ግን አደራ። እኛ አገር ኩሬ ያለው ሰው የጠላ አተላ የሚደፋበት ቦታ ያገኘ ይመስለዋል። አተላው ወለሉ ላይ ይበሰብሳል፣ ኦክስጅኑን ሙጥጥ አድርጎ ይጨርሳል፣ በማግስቱ ዓሦቹ ሆዳቸውን ሰማይ አድርገው ይገኛሉ።

ጥልቀቱንም ማስተካከል ይኖርብዎታል። 80 ሳንቲ ሜትር ለካርፕም ያንሳል። ቢያንስ በአንድ በኩል 1 ሜትር ከ50 ይድረስ፤ ብርድ ሲመጣ የሚሸሸጉበት ቦታ ይሁናቸው። ኩሬውን ለማጥለቅ ብለው ጂኦሜምብሬኑን ማንሳትዎ ስለማይቀር ከሥሩ ጠጠሩን ለቅመው ጥሩ ዋልካ አፈር ይደልድሉ።

ሌሎች የሚነሱ ዓሦችን በአጭሩ። አምባዛ ከአየር ላይ መተንፈስ ስለሚችል የከፍታው ኦክስጅን አያስጨንቀውም፣ ብርዱ ግን ያደነዝዘዋል። በዚያ ላይ ያገኘውን ሁሉ ዋጭ ነው። ዝናብ በሚዘንብበት ሌሊት ከኩሬ ወጥቶ በሣሩ ላይ እየተሳበ ይሄዳል፤ ጠዋት የጎረቤት ውሻ ሊያገኘው ይችላል። ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ መሆኑ እውነት ነው። ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ላይ ዌብን በመሳሰሉ ወንዞች ከተለቀቀ ቆይቷል፣ ዲንሾ አካባቢም ያጠምዱታል። ነገር ግን ሌት ተቀን የሚፈስ፣ ንጹሕ፣ ኦክስጅን የጠገበ ውሃ ይፈልጋል። ለቆመ የጓሮ ውሃ አይሆንም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ዓሣውን ትተው ኩሬውን ለደጋ ፍጥረት ቢያመቻቹት ምን ይመጣል?

መጀመሪያ ዳሩን ይጨርሱ። ጂኦሜምብሬን ያዳልጣል። ጥልቅና ቁልቁል ከሆነ የገባ ጉርጥ ወይም ጃርት መውጫ አጥቶ ይሞታል። በአንድ በኩል እጅግ የለዘበ ዳገት ያድርጉለት። ፕላስቲኩ ላይ በአፈር የተሞላ የቃጫ ጆንያ ደርድሩበት፣ በጆንያው ላይም ድንጋይ ይጣሉ። ውሃው እዚያ ጋ ከቁርጭምጭሚት አይለፍ። የኩሬው ሕይወት አብዛኛው የሚሰበሰበው እዚህ ነው፤ ፀሐይ ቶሎ የሚያሞቀውም ይህንኑ ዳር ነው።

ጆንያውን ቀዳደው ቄጠማ ይትከሉበት። ሰኔ ላይ ከተተከለ ክረምቱን ሥር ይሰዳል። ቄጠማ ብርዱን የለመደ ነው፣ ውሃውንም ያጣራል፣ ለእንቁራሪትም መደበቂያ ይሆናል። ለበዓል ደግሞ ከገበያ መግዛት ይቀርልዎታል። ፊላና ሸንበቆ ግን ይቅርብዎ። አስተዳደጋቸው ያምራል፤ ሥራቸው ግን ሹል ስለሆነ ፕላስቲኩን ይበሳዋል። ባሕር ዛፍ አጠገብ ካለም ቅጠሉ እንዳይረግፍበት በመረብ ያግዱ። የባሕር ዛፍ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ውሃ ሻይ መስሎ ይጠቁራል፣ ትንንሾቹ ነፍሳትም ይሸሹታል።

ወደ እምቦጭ ስንመጣ፣ ይህን ሐሳብ ዛሬውኑ ይተዉት። አበባው ማማሩን ማን ይክዳል። ጣና ላይ ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ጀምሮ ያደረገውን ግን አገር ሁሉ አይቷል። «ውርጩ ይገድለዋል» ይሉኝ ይሆናል። ውርጩ ቅጠሉን ያጠወልገዋል፤ ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ይቆያል። ከተማዎን አቋርጦ የሚያልፈው የበሬሳ ወንዝ ጀማ ይገባል፣ ጀማ ደግሞ ዓባይ። ክረምት ላይ ከጓሮዎ ሞልቶ የሚፈሰው ጎርፍ ወዴት እንደሚሄድ ያስቡት።

ነፍሳቱን ማንም አያመጣቸውም፤ በክንፋቸው ይመጣሉ። ውሃው በሞላ በሳምንታት ውስጥ በጀርባቸው የሚዋኙ ትንንሽ ጥቁር ነፍሳት ያያሉ። የውሃ ጢንዚዛም ይከተላል። ከዚያ አራት ክንፍ ያለው ቀጭኑ የውሃ ተርብ መጥቶ ጭራውን ውሃው ላይ መታ መታ ያደርጋል። እንቁላል እየጣለ ነው። የእሱ እጭ ወለሉ ላይ አድብቶ የቢንቢ እጭ ይበላል። ደብረ ብርሃን የወባ ስጋት ካለበት ከፍታ በላይ ስለሆነች በዚያ በኩል ይረጋጉ። ተራ ቢንቢ ግን ይራባል፤ በተለይ ኩሬው አዲስ ሳለ፣ በይው ሳይመጣ። እስኪመጣ ድረስ ትንሽ ይታገሡ። ፀረ ተባይ ከረጩበት ቢንቢው ከበይዎቹ በፊት ተመልሶ ይመጣል።

እንቁራሪትን ከወንዝ ማምጣቱን እቃወማለሁ። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው በሽታ ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ የእንቁራሪት ዝርያ ያጠፋ የቆዳ ፈንገስ አለ። እኛም ጋ ባሌ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ተገኝቷል። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይስማማዋል፤ በእንቁራሪቷ ገላም፣ በባልዲው ውሃም፣ በቦቲው ጭቃም ይተላለፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት የእንቁራሪት ዝርያዎች ከሦስት አንዱ በላይ ሌላ አገር የሌሉ ናቸው፤ ብዙዎቹም የደጋ ናቸው። በአንድ ባልዲ ውሃ ልንጫወትባቸው አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት ቀላል ነው፤ አያስፈልግም። ደጋው ሜዳ ላይ ያሉት እንቁራሪቶች በጋውን ከሣር ሥርና ከተሰነጠቀ ዋልካ ውስጥ ተደብቀው ያሳልፋሉ። ዛፍ ወጪ ከሚባሉት ወገን ሆና ሳለ ዛፍ የማትወጣ፣ አፈር ቆፍራ የምትኖር የደጋ እንቁራሪት ሁሉ አለች። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውሃ ፍለጋ ይወጣሉ። ሰኔ ሲመሽ ኩሬዎ ዳር ባትሪ ይዘው ዝቅ ይበሉ። አፍንጫዋ ሹል፣ ከአፍንጫዋ እስከ መቀመጫዋ ነጣ ያለ ወይም አረንጓዴ መስመር የተሰመረባት ቀጭን እንቁራሪት ልታገኙ ትችላላችሁ። ስትነካ ከዝላይዋ ርዝመት የተነሳ ወዴት እንደገባች አይታወቅም። እንቁላሉንም ይለዩት፦ እንደ ዶቃ በረጅም ክር የተሰካ ከሆነ የጉርጥ ነው፤ ተጠራቅሞ ከተንሳፈፈ የእንቁራሪት። ግቢው በሙሉ ግንብ ከሆነ ግን ከየት ይገባሉ? በአጥሩ ግርጌ ሁለት ሦስት የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ይተዉላቸው።

ወፍ ላይ ብዙ ተስፋ ልሰጥዎ አልፈልግም። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ቅብ ያለው የኛ የደጋ ዝይ ገፈርሳ ግድብና ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይታያል። ሰፊ ረግረግ ይወዳል፤ ጓሮ አይገባም። ይዞ ማምጣት ደግሞ ነውርም ወንጀልም ነው። ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን በጩኸት የሚቀሰቅሰው፣ ምንቃሩ የተቆለመመ፣ ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት ጥቁር ወፍ ግን እርጥብ ሣር ካገኘ ይመጣል። ትል ይለቅማል። ቄጠማው ከጠናና ውሻ ካላባረረው፣ ጭራውን ሽቅብ እየነቀነቀ የሚሄድ፣ ከጭራው ሥር ነጭ የሆነ ቡናማ ወፍም ሊያገኙ ይችላሉ። ሁለቱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የሉም። ካርፕ ካስገቡ ደግሞ አንገተ ረጅሙ ግራጫ ወፍ ሳይጠራ ይመጣል፤ ያኔ መረብ መዘርጋት ግድ ነው።

የልጆችዎን ጥያቄ መመለስ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም አልፈቅድም ልል ነው። ሁለት ዳክዬ 20 ካሬ ሜትር ኩሬን በጥቂት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ሾርባ ያደርጉታል። ኩሳቸው አልጌ ይመግባል፣ አፋቸው ቄጠማውን ይነቅላል፣ የእንቁራሪት እንቁላልም ይጠርጋል። ዳክዬ ካማራቸው ለብቻው ትንሽ ገንዳ ይሥሩላቸው። ውሃውን በየጊዜው እየደፉ ለአትክልት ያጠጡት፤ ጎመኑ ይወደዋል።

ስለ ልጆች ካነሳን አይቀር፣ ጂኦሜምብሬን የተነጠፈበት ኩሬ አዋቂንም አያስወጣም። ዙሪያውን አጥር ያድርጉ፣ በሩም የሚቆለፍ ይሁን። ከአጥሩ በተጨማሪ ከዳር እስከ ወለል የሚደርስ ቋጠሮ ያለው ገመድ በሁለት በኩል አስረው ይተዉ።

በግ ካለዎትም ወደዚህ ዳር አያስጠጉት። ጭቃው ላይ ከጥፍር የምታንስ ቀንድ አውጣ ትኖራለች። የጉበት ትል የሚተላለፈው በእሷ በኩል ነው። በጉ ትሉን የሚያገኘው እዚያ ዳር ያለውን እርጥብ ሣር ሲግጥ ነው። ስለዚህ ከኩሬው ዳር ያጨዱትን ሣርም ለበግ አይስጡ። ለደጋ በግ አርቢ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያውቁታል።

ውሃ ሲያጎድል የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አይልቀቁበት። ክሎሪኑ እስኪወጣ አንድ ሁለት ቀን ክፍት በርሜል ውስጥ ይክረም። የክረምት ጎርፍ በረትና መንገድ አጥቦ እንዳይገባም በላይ በኩል ቦይ ይቅደዱ።

የንጋቱንና የቀኑን የሙቀት ቁጥር ለቅመው ይላኩልኝ። ጥልቀቱን ጨምረው ከሆነም አብረው ይጻፉ። የወለሉ ውሃ ንጋት ላይ 8 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ ከከረመ፣ ካርፑን መጋቢት ላይ እንነጋገርበታለን።